የአሮጌ ጨዋታ ምስልና የላሊበላ ጠርዝ፦ የቪዲዮ ጌም ግራፊክስ በምን ሊመዘን ይገባል?

መግቢያ

ከሃያ ዓመት በፊት የተወደደ የቪዲዮ ጌም ዛሬ እንደገና ሲከፈት ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ግራፊክሱ አርጅቷል» የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን በሐዘን፣ አንዳንዱም በፌዝ ይናገረዋል። ሁለቱም ግን ምስሉ ያረጀው ከምን አንጻር እንደሆነ አይጠይቁም። ሳይነገር የሚሠራበት መለኪያ ብዙውን ጊዜ የፒክስልና የፖሊጎን ብዛት ነው። በዚህ መለኪያ የዘንድሮው ጨዋታ የአምናውን ይበልጣል፣ የከርሞው ደግሞ የዘንድሮውን ይሽረዋል፤ ስለዚህ ፍርዱ ጨዋታው ሳይከፈት ታውቋል። አስቀድሞ የታወቀ ፍርድ ደግሞ ምርመራ አያሻውም።

ይህ ጽሑፍ ሌላ መለኪያ ያቀርባል። የጨዋታ ምስል ሊመዘን የሚገባው ተጫዋቹ ለሚሠራው ሥራ የሚያስፈልገውን ነገር፣ ከተገቢው የእይታ ቦታና በተገቢው ቅደም ተከተል በማሳየቱ ነው። ሙግቱ የሚመሠረተው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ሁለት የታወቁ የአርፒጂ ጨዋታዎች ናቸው፤ አርፒጂ የሚባለው ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ወስዶ የሚጓዝበት፣ የሚዋጋበትና የሚያድግበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ሁለተኛው በላስታ ተራሮች የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናትና ሥዕሎቻቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማምጣት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካን ተመዝግበዋል፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ሕንፃም በዓለም ገበያ በሚሸጥ ጨዋታ ውስጥ ገብቷል። ነገ የአገር ልጆች ላሊበላን ወደ ጨዋታ ለማምጣት ሲነሡ «ጥሩ ምስል» የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አስቀድመው ካልለዩ፣ የተሳሳተውን ነገር በብዙ ድካም ማሳመር ይሆንባቸዋል።

አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ዘመን

በብሊዛርድ ኖርዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2000 የወጣው «ዲያብሎ 2» ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። የመጀመሪያው እትም የምስል መጠን 640 በ480 ፒክስል ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ማስፋፊያ ወደ 800 በ600 አሳደገው። ገጸ ባሕርያቱ በኮምፒውተር በሦስት አውታር ከተቀረጹ በኋላ ከየአቅጣጫው እንደ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ጠፍጣፋ ምስል ሆነው የገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ጨዋታው «ዲያብሎ 2 ሪዘሬክትድ» በሚል ስም ታድሶ ወጣ። አዲሱ እትም ብርሃንና ጥላው በቅጽበት የሚሰላ የሦስት አውታር ምስል ለበሰ፤ ከሥሩ የሚሠራው የጨዋታ ሕግ ግን የቀድሞው ነው፣ ዛሬም በሰከንድ 25 ጊዜ ይሰላል። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን አዲሱ ልብስ ይገፈፍና የ2000ው ምስል በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅጽበት ብቅ ይላል።

ይህ ቁልፍ የተሠራው ምናልባት ለትዝታ ነው፤ ለተመራማሪ ግን ቤተ ሙከራ ነው። ሕጉ፣ ቦታውና ድርጊቱ ሳይለወጡ ምስሉ ብቻ ስለሚለወጥ በአንድ ቃል «ግራፊክስ» የሚባሉትን ሦስት ነገሮች ለያይቶ ለማየት ያስችላል።

የመጀመሪያው ትዝታ ነው። ቁልፉን የሚጫን የድሮ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው አዲሱን አይቶ ሳይሆን አሮጌውን አይቶ ነው፤ በልቡ የያዘው ምስል በስክሪኑ ላይ ከነበረው የጠራ ነበርና። ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ጀርባው የተቆለለ የካቶድ ቱቦ ስክሪን የነጥቦቹን ጠርዝ ያለሰልስ፣ አንዱን ቀለም ከሌላው ጋር ያዋሕድ ነበር። ሠዓሊዎቹም የሚስሉት ለዚያ ስክሪን ነበር። ያው ምስል ዛሬ በሰፊ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ጡብ ይቆማል። በኩራዝ ብርሃን እንዲታይ የተሣለ ሥዕል በቀትር ፀሐይ ወጥቶ «ደፋር ነው» ቢባል ጥፋቱ የሠዓሊው አይደለም። ሦስተኛው ምስሉ ራሱ ነው፤ ማለትም በዚያ ስፋት ውስጥ ምን እንዲታይ፣ ምን እንዲቀር፣ ከየት እንዲታይ የተደረገው ውሳኔ። ትዝታና ስክሪን ከተነሡ በኋላ ሊፈረድበት የሚገባው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው።

በር የማያሳይ ውበት

በዚህ መለኪያ «ዲያብሎ 2» እንደገና ሲፈተን በአብዛኛው ያልፋል። ተጫዋቹ የሚሠራው ሥራ በአመዛኙ ሦስት ነው፦ ጠላትን መለየት፣ ቦታን መያዝ፣ የወደቀን ዕቃ መምረጥ። እይታው ከላይ ወደ ታች በሰያፍ የተተከለና የማይዞር ነው፤ ስለሆነም የከበበው ጠላት ብዛትና አቅጣጫ በአንድ እይታ ይታያል። ገጸ ባሕርዩ ቤት ሲገባ ጣሪያው ይነሣና ውስጡ ይገለጣል። የዕቃው ስም በቀለም ይለያል፤ ተራው በነጭ፣ አስማታዊው በሰማያዊ፣ ብርቁ በቢጫ ይጻፋል። በዋሻ ውስጥ ብርሃን ገጸ ባሕርዩን ከብቦ ጥቂት ርቀት ይሄድና ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ይህ ጨለማ የማሽኑ ድክመት ብቻ አልነበረም። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነውና የጨዋታው ግማሽ አካል ነው።

መለኪያው ግን አሮጌውን ሁሉ የሚምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ለዚህ ምስክር ነው። ገጸ ባሕርያቱ በጥቂት ፖሊጎን የተሠሩ፣ እጃቸው እንደ ድንጋይ የደነበሸ ሲሆኑ የሚመላለሱበት ከተማና መንደር ግን አስቀድሞ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ዝርዝር ሥዕል ነበር። ዛሬ ሲጫወቱት የሚሳቅበት የገጸ ባሕርያቱ ቅርጽ ነው፤ የሚደነቀውም የኋላው ሥዕል ነው። በሥራ ሲመዘን ግን ፍርዱ ይገለበጣል። የደነበሸው ገጸ ባሕርይ የት እንዳለና ምን እንደሚያደርግ ከሩቅ ይለያል። በዚያ ውብ ሥዕል ውስጥ ግን የትኛው ደጃፍ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ጠርዝ መተላለፊያ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ይህን ስላወቁ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በገጸ ባሕርዩ አናት ላይ የሚያመለክት እጅ፣ በመውጫዎቹም ላይ ቀለም ያላቸው ምልክቶች እንዲታዩ አደረጉ። ምስሉ በሩን ማሳየት ስላልቻለ በር ጠቋሚ ተቀጠረለት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አዲሱ ሥራ ይህንኑ ታሪክ በዘመኑ ምስል ሲያቀርብ የያዘው የመጀመሪያውን ከተማ ክፍል ብቻ ነው። ዝርዝር ሲበዛ የሚሠራው ዓለም እንዴት እንደሚጠብብ ከዚህ ይታያል።

ከጠርዙ ላይ ሆኖ ማየት

«ከላይ በሰያፍ» የሚለው እይታ በጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ አይዞሜትሪክ ይባላል። በዚህ አሣሣል ሩቁ ነገር ከቅርቡ አያንስም፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች በአድማስ አይገናኙም። የዓይንን ልማድ ስለማይከተል ብዙዎች የድህነት ዘመን ብልሃት አድርገው ያዩታል። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ግን ይህን እይታ ያውቀዋል። ሕንፃው ከመሬት ወደ ላይ የተገነባ ሳይሆን ከመሬት ወደ ታች የተፈለፈለ በመሆኑ ጎብኚው አስቀድሞ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ በጣሪያው ላይም አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። ከጣሪያው ጋር ሁለት ግድግዳዎች በሰያፍ ይታያሉ። የቤቱ መልክ መስቀል መሆኑ የሚነበበው ከዚያ ነው፤ ታች ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ሙሉ መልክ ይሰወርበታል።

ከዚያ በኋላ ሰውየው በተቦረቦረው ድንጋይ መካከል ይወርዳል። ሰማዩ ይጠብባል፣ ግድግዳው ይረዝማል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ወደ ጨለማ ይገባል። የላሊበላ ሕንፃ የሚናገረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ከላይ ማወቅ፣ መውረድ፣ መግባት። በየዓመቱ በገና በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ካህናቱ ከፊሉ በላይ በጠርዙ፣ ከፊሉም በታች በግቢው ይቆማሉ። ላይና ታች በዚያ ቦታ ትርጉም አላቸው። ማንኛውም የላሊበላ ዲጂታል ምስል ይህን ቅደም ተከተል ካጠፋ፣ የድንጋዩን እያንዳንዱን ስንጥቅ ቢያሳይ እንኳ ላሊበላን አላሳየም።

በላስታ ያሉት ሥዕሎችም ይህንኑ ያስተምራሉ። በቤተ ማርያምም ሆነ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች በርቀት ሕግ የሚመዝን ተመልካች «ጠፍጣፋ» ይላቸዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አሣሣል ግን መጠን የሚነግረው ርቀትን ሳይሆን ክብርን ነው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ይዞ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ምእመን በደብዛዛ ብርሃን ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ይህ ተመልካቹ ሊያደርገው ለሚገባው ነገር፣ ማለትም ለመለየትና ለመጸለይ፣ የተሠራ ምስል ነው። በዕቃ ስም ላይ የተቀባው ሰማያዊና ቢጫ ከዚህ ቅዱስ ሥራ ጋር በክብር አይተካከልም፤ የተነሣበት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ በጥቂት መስመርና ቀለም እንዴት በቶሎ ይለያል?

የላስታ «እድሳት»

አሮጌን ነገር በአዲስ አካል መሥራት ለላስታ አዲስ አይደለም። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአክሱማውያን የአሠራር ስልት የተገነባ ነው፤ የእንጨት ወራጅና በኖራ የነጣ የድንጋይ ግንብ ተራ በተራ እየተደራረቡ ይወጣሉ። በላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ይህንኑ መልክ ይዞ፣ ወጣ ገባ ያለው ተራ ሳይቀር፣ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሏል። አለቱ ወራጅ አያስፈልገውም፤ የሚሸከምለት እንጨት የለም። በቤተ ጊዮርጊስም የታችኛው ረድፍ መስኮቶች የተቀረጹ እንጂ የሚከፈቱ አይደሉም፤ ማዕዘኖቻቸው ግን የአክሱምን የእንጨት ክፈፍ መልክ ጠብቀዋል።

ጠራቢዎቹ የቀድሞውን መልክ ሙሉ በሙሉ አልገለበጡም፤ መረጡ። ለአዲሱ አካል የማያስፈልገውን የመሸከም ሥራ ትተው፣ ሕንፃውን ለተመልካች የሚያስታውቀውን መልክ አስቀሩ። መልካም እድሳት የሚባለው ይህ ነው። የቪዲዮ ጌም አዳሾችም የሚፈተኑት በዚሁ ነው፦ ከአሮጌው ምስል የትኛው የማሽኑ ግዴታ ነበር፣ የትኛውስ የሠሪው ሐሳብ? ጡብ መሳዩ ነጥብ ግዴታ ነበር፤ ሊቀር ይችላል። ከላይ የሚታየው እይታ፣ የሚነሣው ጣሪያና በዙሪያ የሚቆመው ጨለማ ግን ሐሳብ ነበሩ። «ዲያብሎ 2» ሲታደስ እነዚህን መጠበቁ ከአዲሱ ብርሃንና ጥላ ይልቅ የሚያስመሰግነው ነው።

ከስካን እስከ ጨዋታ

በዚህ ሙግት ላይ ሊነሣ የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን የያዘ፣ ለዝናብና ለስንጥቅ የተጋለጠ ሥፍራ ነው። ለእንዲህ ያለ ቅርስ ትክክለኛ ዝርዝር ምስል እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካን የመዘገበው ለዚህ ነው። የወረርሽኙ ጊዜና ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን የነካው ጦርነት የጎብኚውን ቁጥር ክፉኛ በቀነሱበት ወቅት፣ በአካል መምጣት ላልቻለ ሰው እውነተኛውን የሚመስል ምስል ማቅረብ ተገቢ ነው ሊባልም ይችላል።

የተቃውሞው መጀመሪያ ክፍል ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ መዝገብ ነው። ለጥገና ባለሙያ እያንዳንዱ ሚሊሜትር ሥራ አለው። ለተጫዋች ግን ሥራው ሌላ ነው። በተጨማሪም በሌዘር የተለካ ሕንፃ እንዳለ ወደ ጨዋታ አይገባም፤ የነጥቦቹ ብዛት በኢትዮጵያ ወጣት እጅ ያለውን ርካሽ ስልክ ቀርቶ ጥሩ ኮምፒውተርንም ያስጨንቃል። ስለዚህ መቀነስ የግድ ነው። መቀነስ ደግሞ መምረጥ ነው፤ ምርጫው መለኪያ ከሌለው ለማሽኑ ብቻ ይተዋል።

መለኪያ በሌለበት ምን እንደሚሆን «ሲቪላይዜሽን 6» ያሳያል። ይህ የስልት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 በዳግማዊ ምኒልክ የምትመራ ኢትዮጵያን ሲጨምር ውቅር ቤተ ክርስቲያንን ልዩ ግንባታዋ አደረገው። ሕንፃው በኮረብታ ላይ ይሠራል፤ በአጠገቡ ተራራና ኮረብታ ሲኖር የሚሰጠው የእምነት ነጥብ ይጨምራል። አንድ ነገር በትክክል ተይዟል፤ እምነትና ተራራ በላስታ የማይለያዩ መሆናቸው። ሆኖም የጨዋታው ተጫዋች ቤተ ክርስቲያኑን በመሬቱ ላይ ያክለዋል እንጂ ከመሬቱ ውስጥ አያወጣውም፤ ወደ ውስጡም አይወርድም። ላሊበላን ልዩ ያደረገው ሥራ መቀነስ ነበር፤ የማይፈለገው አለት ተወግዶ ቤቱ ቀረ። ይህ ጉድለት ፖሊጎን በመጨመር አይታረምም፤ ተጫዋቹ የሚሠራው ሥራ ካልተለወጠ ምስሉ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ሳይታይ የሚቀር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ለምእመናን ሲፈቀዱ መቅደሱ የካህናትና የዲያቆናት ነው። ምእመኑ መጋረጃውን ያያል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን አያይም። ሁሉን ማሳየትን የምስል ክብር አድርጎ የሚይዝ ጨዋታ ሠሪ በዚህ መጋረጃ ፊት ሲደርስ ይሰናከላል። ገፍፎ ቢገባ የሕንፃውን ትርጉም ይሰብራል፣ የባለቤቶቹንም አመኔታ ያጣል። የድሮ አርፒጂ ግን ይህን ችግር የሚፈታበት ልማድ አለው፤ በካርታው ላይ ያልተደረሰበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ተጫዋቹም እዚያ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል። በላሊበላ ላይ የሚሠራ ጨዋታ መቅደሱን እስከ መጨረሻው በጥቁሩ ሊተወው ይገባል። ያ ጥቁር ቦታ ያልተጠናቀቀ ሥራ ተብሎ ሊታረም የሚገባው አይደለም፤ ከምስሉ ሁሉ እውነተኛው ክፍል እርሱ ነው።

ከዚህ በመነሣት በዘርፉ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የላሊበላን ዲጂታል ሥራ የሚገመግም ጥናት የፒክስልና የፖሊጎን ቁጥር ከመዘርዘሩ በፊት ተጫዋቹ ከየት ቆሞ እንደሚያይ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወርድና ምን እንዲያደርግ እንደሚጠየቅ ይግለጽ። ሁለተኛ፣ የምስሉ ስልት ከአገሩ የሥዕል ልማድ ይመርመር። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው «ኦሪዮን» በተሰኘ አርፒጂ የሦስት አውታር ውድድርን ትቶ የሁለት አውታር ሥዕልን መምረጡ፣ በአፍሪካ ምድር በአነስተኛ አቅም እንዲህ ያለ መንገድ እንደሚቻል ያሳያል። ሙሉ ፊትና የጎን ፊት፣ በክብር የሚያድግ መጠን፣ ጥቂትና ደማቅ ቀለም በርካሽ ስልክ ላይም ይነበባሉ። ሦስተኛ፣ ምን እንደማይታይ የሚወስነው ሠሪው ብቻውን አይሁን፤ ካህናቱ፣ ዲያቆናቱና ጎብኚ ሲጠፋ ኑሯቸው የተናጋባቸው የከተማዋ አስጎብኚዎች ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ይጠየቁ። ጠርዙንና መውረጃውን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ማጠቃለያ

አሮጌ ጨዋታን እንደገና መጫወት ጠቃሚ የሚሆነው ፍርድን ሲያዘገይ ነው። ትዝታው ሲነሣ፣ ስክሪኑ ሲለይ፣ የቀረው ምስል ምን እንዲያሳይ እንደተሠራ መጠየቅ ይቻላል። በዚህ ጥያቄ አንዳንዱ አሮጌ ምስል ዛሬም ሥራውን ሲሠራ ይገኛል፤ አንዳንዱም በወጣበት ቀን ጭምር በር ያላሳየ ሆኖ ይገኛል። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ከይምርሐነ ክርስቶስ መልክ ምን እንደሚያስቀሩና ምን እንደሚተዉ የወሰኑት መሮ ከማንሣታቸው በፊት ነበር፤ የተሳሳተ ምት በአለት ላይ አይመለስምና። የዘመኑ ጨዋታ ሠሪ የሳተውን መልሶ ማጥፋት ይችላል። ያ ምቾት ግን ከመጀመሩ በፊት በጠርዙ ላይ ቆሞ ከማየት ግዴታ አያድነውም።